ሲልቨር ስፕሪንግ ለምን እንዲህ ሆነች? የዘር ክልከላ ሕጎችና ዞኒንግ የአሜሪካን ከተሞች እንዴት እንደቀረጹ

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ ለምሳሌ በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቤት ሲያፈላልግ የከረመ ሐበሻ አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። አፓርታማዎቹ የትልልቅ መንገዶችን ዳር ይዘው ተደርድረዋል። ኒው ሃምፕሻየር አቬኑን ወይም ጆርጂያ አቬኑን ማየት ይበቃል። ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ሲባል ደግሞ ጸጥ ያለ ሰፈር ይመጣል። ግቢው ሰፊ፣ ዛፉ ያረጀ፣ ቤቱ ለየብቻው የቆመ ነው። እዚያ ውስጥ የሚከራይ አፓርታማ የለም። ታውንሃውስም (ተያይዞ የሚሠራ ቤት) ብርቅ ነው። ዋጋው ደግሞ አይቀመስም።

ለምን እንዲህ ሆነ ሲባል አብዛኛው ሰው ገበያውን ይጠቅሳል። ሀብታም ጥሩውን ቦታ ገዛ፣ ደሃ በተረፈው ሰፈረ፣ አለቀ። ሌላው ደግሞ «ሁሉም ከዘሩ ጋር መኖር ይወዳል» ይላል። እኔን ሁለቱም መልሶች አያጠግቡኝም። ሰው በራሱ ፈቃድ ከመሰሉ ጋር የሚሰፍር ቢሆን ኖሮ የሚከለክል ሕግ ባላስፈለገ ነበር። ሕጉ ግን ነበረ። ቀን አለው፣ ፈራሚ አለው፣ የፍርድ ቤት መዝገብ አለው። ታሪኩን ከመጀመሪያው እንየው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ባልቲሞር፣ 1910

ከዲሲ ብዙም ሳትርቅ ባልቲሞር አለች። በ1910 ጆርጅ ማክሜኬን የሚባል ጥቁር ጠበቃ ከቤተሰቡ ጋር ማካሎ ስትሪት ላይ፣ ነጮች በሚኖሩበት ብሎክ፣ ቤት ይዞ ገባ። ሰውየው ዬል ዩኒቨርሲቲ ሕግ የተማረ ነው። ጎረቤቶቹን ይህ አላስደነቃቸውም። መስኮቱ በድንጋይ ተሰበረ። አቤቱታ ተጽፎ ፊርማ ተሰበሰበ። ዲሴምበር ላይ የከተማው ምክር ቤት አዲስ ሕግ አጸደቀ፤ ከንቲባው ባሪ ማሁልም ፈረሙበት።

ሕጉ አብዛኛው ነዋሪ ነጭ በሆነበት ብሎክ ጥቁር እንዳይገባ፣ አብዛኛው ጥቁር በሆነበት ደግሞ ነጭ እንዳይገባ ይላል። ወረቀቱ ላይ ሁለቱንም እኩል የከለከለ ይመስላል። ብልጠቱ እዚያ ላይ ነው። አንድ ነገር ግን ፈቅዷል። የቤት ሠራተኛ ከአሠሪዎቿ ጋር መኖር ትችላለች። ጥቁር ሴት ነጭ ሰፈር ውስጥ ማደሯ ችግር አልነበረም ማለት ነው። ችግር የሚሆነው የራሷ ቤት ቁልፍ ሲኖራት ነው።

ማሁል በዘመናቸው ለውጥ ፈላጊ የሚባሉ፣ የተማሩ ፖለቲከኛ ነበሩ። ይህን የማነሳው ክልከላውን ያመጡት ጋጠወጦች ብቻ እንዳልነበሩ ለማሳየት ነው። ንጹሕ ውኃና ጥሩ ትምህርት ቤት እናመጣለን የሚሉ ሰዎች ዘር መለየትንም ዘመናዊ የከተማ አስተዳደር አድርገው ነበር የሚያዩት።

ሌሎች ከተሞች ለመቅዳት ጊዜ አልፈጀባቸውም። ሪችመንድ፣ አትላንታ፣ ሉዊቪልና ሴንት ሉዊስ ተመሳሳይ ሕግ አወጡ። ቨርጂኒያ ከዚያም አልፋ በ1912 ከተሞቿ በሙሉ ሰፈራቸውን በዘር እንዲከልሉ የሚፈቅድ የግዛት ሕግ አጸደቀች።

ሉዊቪል ውስጥ ግን ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዊልያም ዋርሊ የሚባል የጥቁሮች መብት ታጋይና ቡካነን የሚባል ነጭ የመሬት ባለቤት ሕጉን ሆን ብለው ለመፈተን ተዋዋሉ። ዋርሊ «እዚህ መሬት ላይ ቤት ሠርቼ የመኖር መብት ከሌለኝ አልከፍልም» የሚል አንቀጽ በውሉ ውስጥ አስገባ። በ1917 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ ሕጉን ሻረው። ደስ ይላል። ግን ምክንያቱን አስተውሉ። ዳኞቹ የቆሙት በዋናነት ባለንብረቱ ቤቱን ለፈለገው ሰው የመሸጥ መብት ላይ ነው። ይኼኔ ብልጦቹ ገባቸው። መንግሥት በዘር ከልሎ መሸጥ መግዛትን መከልከል ካልቻለ፣ ባለንብረቶች ራሳቸው ተዋውለው እንዲከለክሉ ማድረግ ይቻላል። ወይም ደግሞ ዘርን ሳይጠሩ መከልከል ይቻላል።

በነገራችን ላይ ከተማን በዘር የመክፈል ሐሳብ አዲስ አበባንም ጎብኝቷታል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የነጮችንና የሀገሬውን ሰፈር የሚለይ ፕላን ተነድፎ ነበር። አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ገበያም ተነሥቶ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ ለሀገሬው ተብሎ ተወሰደ። ጣሊያኖቹ ጊዜ ስላጠራቸው ፕላኑ ሙሉ በሙሉ አልተፈጸመም። ገበያው ግን እዚያው ቀረ። የአሜሪካውም ታሪክ ከዚህ ብዙ አይለይም። ሕጉ ይሻራል፤ የተከለው ነገር ግን ቦታውን አይለቅም።

በውል መከልከል

የውል ገደብ፣ ፈረንጆቹ ኮቨናንት የሚሉት፣ ቤቱ ሲሸጥ በባለቤትነት ሰነዱ ውስጥ የሚጻፍ ግዴታ ነው። «ይህ ቤት ለጥቁር አይሸጥም፣ አይከራይም» ይላል። ግዴታው የሚያስረው የመጀመሪያውን ገዢ ብቻ አይደለም። ከቤቱ ጋር ይተላለፋል፤ ገዢው ለሚሸጥለት፣ እሱም ለሚሸጥለት። ባለቤቱ ውሉን ጥሶ ለጥቁር ቢሸጥ ጎረቤት ይከሰዋል። ፍርድ ቤትም ሽያጩን ያፈርሳል።

አንዳንዶቹ ሰነዶች ዝርዝራቸው ረጅም ነው። ዋሽንግተን ውስጥ አርመን፣ አይሁድ፣ ፋርስና ሶሪያዊ ጭምር እየጠሩ የሚከለክሉ ነበሩ። ለእኛ ይበልጥ የሚገርመው የሲያትሉ ነው። ብሮድሙር በሚባለው ሰፈር ሰነድ ላይ የተከለከሉት አይሁድ፣ «የኢትዮጵያ ዘር»፣ ማላይና እስያውያን ናቸው። በዚያ ዘመን አነጋገር «የኢትዮጵያ ዘር» ማለት ጥቁር ሁሉ ነው። ያን ጊዜ ሲያትል ውስጥ ጉርሻ የሚያጎርስ አንድ ሐበሻ ይገኝ እንደሆን እንጃ። ዛሬ ግን ከተማዋ ትልቅ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ አላት።

ይህን የውል ዘዴ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንዲቀጥል የፈቀደው በዋሽንግተን ጉዳይ ነው። ኤስ ስትሪት ላይ የሚኖሩ ነጭ ጎረቤታሞች ለጥቁር ላንሸጥ ብለው ተፈራረሙ። ከመሃላቸው አንዷ ለጥቁር ሴት ስትሸጥ ጎረቤቷ ከሰሳት። ፍርድ ቤቱ በ1926 «ይህ የግል ሰዎች ውል ነው፣ አያገባንም» ብሎ መለሰው።

በቀጣዮቹ ዓመታት ኮቨናንት እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። ሲልቨር ስፕሪንግን እንመልከት። ዛሬ ፌንተን ስትሪት ላይ ክትፎ የሚበላበት ከተማ ያኔ የነጮች ብቻ እንዲሆን ተደርጎ ነው የተሸነሸነው። ዋናው ሰው ብሩክ ሊ ይባላሉ። መሬት ሸንሽኖ የሚሸጥ ኩባንያ ነበራቸው። የሸጧቸው ቦታዎች ሰነድ ጥቁርን የሚከለክል አንቀጽ ነበረበት። እኚሁ ሰው የሜሪላንድ ኃያል ፖለቲከኛም ነበሩ። በ1927 የተቋቋመው፣ የሜሪላንዶቹን የሞንትጎመሪና የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲዎች ፓርኮችና ፕላን የሚመራው ኮሚሽን ሲመሠረት ከፊት ከቆሙት መካከል ናቸው። ሻጩም ፕላን አውጪውም አንድ ወገን ሲሆን ውጤቱን መገመት አይከብድም።

ጎረቤቷ ቼቪ ቼዝ ደግሞ በሌላ መንገድ ነው የታጠረችው። ፍራንሲስ ኒውላንድስ በ1890 ባቋቋሙት የመሬት ኩባንያ ደንብ መሠረት ኮነቲከት አቬኑ ላይ የሚሠራ ቤት ከ5,000 ዶላር ያነሰ ሊሆን አይችልም፤ በጎን መንገዶች ላይ ደግሞ ከ3,000። በዚያ ዘመን ትልቅ ገንዘብ ነው። ዘር የሚል ቃል አላስፈለጋቸውም። ኒውላንድስ የኔቫዳ ሴናተርም ነበሩ። በ1912 የጥቁሮችን የመምረጥ መብት የሚያረጋግጠው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ይሰረዝ ብለው በይፋ የተከራከሩ ሰው ናቸው።

ዞኒንግ፦ ዘርን የማይጠራው ሕግ

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። ኮቨናንት ዛሬ ሞቷል። ዞኒንግ ግን በየከተማው በሥራ ላይ ነው፤ የቤት ኪራያችሁ ውስጥም አለ።

ዞኒንግ ከተማን በካርታ ከፋፍሎ «እዚህ ፋብሪካ፣ እዚህ ሱቅ፣ እዚህ መኖሪያ» ብሎ የሚወስን ደንብ ነው። በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። የቆዳ ፋብሪካ መኝታ ቤታችሁ ሥር እንዲከፈት አትፈልጉም። ጉዳዩ ያለው መኖሪያ የሚባለው እንደገና ሲከፋፈል ነው። «እዚህ አፓርታማ ይቻላል፤ እዚህ ግን በአንድ ቦታ ላይ አንድ ቤተሰብ የሚኖርበት አንድ ቤት ብቻ» ይላል። ሲንግል ፋሚሊ ዞን የሚባለው ይህ ነው።

የሚገርመው፣ የውል ገደቡ እንዲቀጥል በተፈቀደበት በዚያው በ1926 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዞኒንግንም አጸደቀ። ጉዳዩ የመጣው ዩክሊድ ከምትባል የክሊቭላንድ አጠገብ ከተማ ነው። ውሳኔው 6 ለ 3 ነበር። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ሰዘርላንድ አፓርታማን የመኖሪያ ሰፈር አየርና ፀሐይ እየመጠጠ የሚኖር ጥገኛ አድርገው ነው የሳሉት። ከዚያ በፊት ጉዳዩን ያየው የሥር ፍርድ ቤት ዳኛ ግን ደንቡ ሕዝቡን በገቢው ከፍሎ የሚያሰፍር መሆኑን በግልጽ ጽፎ ሽሮት ነበር። እሱ ያየውን ከላይ ያሉት ማየት አልፈለጉም።

በተግባር እንዴት እንደሚሠራ በሞንትጎመሪ ካውንቲ ቁጥር ላሳያችሁ። አር 60 በሚባለው ዞን አንድ ቤት ለመሥራት ቢያንስ 6,000 ስኩዌር ፊት መሬት ያስፈልጋል። ወደ 557 ካሬ ሜትር ነው። አዲስ አበባ ላይ በዚህ ስፋት ምን ያህል ሰው እንደሚኖር የምታውቁት ነው። ከዚያ አር 90 አለ፣ 9,000 ስኩዌር ፊት። አር 200 ደግሞ 20,000። አርኢ 2 በሚባለው ዞን፣ ፖቶማክ አካባቢ በብዛት ያለው ነው፣ ለአንድ ቤት ሁለት ኤከር ይጠየቃል። ከ8,000 ካሬ ሜትር በላይ። አር 60 ላይ ቢሆን በዚያው መሬት 14 ቤት ይወጣው ነበር። የመሬቱን ዋጋ ለ14 መካፈልና ለብቻ መሸከም አንድ አይደለም። ይኼኔ ደሃ እንዳይገባ የሚል ሕግ መጻፍ አያስፈልግም። የመሬቱ ስፋት ሥራውን ይሠራል።

አፓርታማው ታዲያ የት ይሂድ? ትልልቅ መንገድ ዳር፣ ከሱቆችና ከባቡር ሐዲድ አጠገብ። ከጸጥተኛው ሰፈርና ከመኪናው ጩኸት መካከል እንደ መከለያ ይደረጋል። ኒው ሃምፕሻየር አቬኑ ላይ በሌሊት የአምቡላንስ ድምፅ የሚሰማው ሰው እዚያ የኖረው በዕድል ብቻ አይደለም።

ቨርጂኒያ በኩልም ተመሳሳይ ነው። አርሊንግተን ካውንቲ በ1938 ተያይዘው የሚሠሩ ቤቶችን ከለከለ። ርካሽ ስለሆኑ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው ቤት መግዛት የሚችለው በነሱ ነበር። እዚያው አርሊንግተን ውስጥ ሆልስ ሂል የሚባል የጥቁሮች ሰፈር አለ። ነጭ ጎረቤቶቹ በ1930ዎቹ በመካከላቸው ግድግዳ አቆሙ። ከፊሉ እስከ ዛሬ ይታያል።

የዞኒንግ ሌላው ፊቱ ጥቁሮች በሰፈሩበት በኩል ነው የሚታየው። የነጮቹን ሰፈር ከፋብሪካ የሚጠብቀው ደንብ ፋብሪካውን የሆነ ቦታ ማሳረፍ አለበት። ሊቶንስቪል የዚህ ምስክር ናት። ሲልቨር ስፕሪንግ መሃል አጠገብ ያለች ትንሽ ሰፈር ናት። ሳሙኤል ሊተን የሚባል ነፃ ጥቁር ሰው በ1853 እዚያ መሬት ገዛ። የእርስ በርስ ጦርነቱ ገና ስምንት ዓመት ይቀረዋል። ከሲልቨር ስፕሪንግ ሰፈሮች ብዙዎቹን ትቀድማለች ማለት ነው። በኋላ የባቡር ሐዲዱ መጣ። ከሐዲዱ ማዶ በኮቨናንት የታጠረ የነጮች ሰፈር በቀለ። ሊቶንስቪል ግን የቆሻሻ ማቃጠያ፣ መጋዘንና የአውቶቡስ ማቆሚያ ተሸከመች። መንገዷ እስከ 1960ዎቹ ድረስ ጭቃ ነበር። የውኃና የፍሳሽ መስመር የገባላትም ዘግይቶ ነው። ያው ካውንቲ፣ ያው ግብር!

ነዋሪዎቿ ወደ ሥራና ወደ ሱቅ የሚሻገሩት በ1918 በተሠራው ጠባብ የታልበት አቬኑ ድልድይ ነበር። አንድ መኪና ብቻ የምታሳልፍ ድልድይ ናት። በ2018 ድልድዩ 100 ዓመት ሲሞላው የሁለቱም ወገን ሰዎች አንድ ላይ በዓል አከበሩለት። በዓመቱ ለፐርፕል ላይን ባቡር ግንባታ ፈረሰ።

ሞርጌጁ

ሕግና ውል ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ገንዘብ ያለው ጥቁር አንድ ቀዳዳ ያገኝ ነበር። በሩን የጠረቀመው የፌዴራል መንግሥት ነው።

ከ1930ዎቹ በፊት የቤት ብድር ከባድ ነበር። ብዙ ጊዜ የቤቱን ግማሽ ዋጋ ቀድሞ መክፈል፣ ቀሪውን በአምስት ወይም በአሥር ዓመት መጨረስ ያስፈልጋል። በ1934 ኤፍኤችኤ የሚባል የፌዴራል የቤቶች መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። መሥሪያ ቤቱ ራሱ አያበድርም፤ ለባንኩ ዋስ ይሆናል። ዋስትናው ስላለ ባንኩ 80 በመቶውን በ20 ዓመት የሚከፈል አድርጎ ይሰጣል። በኋላ ውሉ ይበልጥ እየላላ ሄደ። ሠራተኛው ነጭ አሜሪካዊ የቤት ባለቤት የሆነው በዚህ ነው።

ዋስትናው ግን ለየትኛውም ቤት አልነበረም። የኤፍኤችኤ መመሪያ ገምጋሚዎቹ የሰፈሩን የዘር ስብጥር እንዲያዩ ያዛል። ጥቁር ያለበት ወይም ሊገባበት የሚችል ሰፈር ለብድር አደገኛ ነው። በሰነዱ ላይ ኮቨናንት ያለበት ሰፈር ደግሞ ጥሩ ነጥብ ያገኛል። ቀድሞ የጎረቤታሞች ውል የነበረው አሁን የመንግሥት ምክር ሆነ። ዲትሮይት ውስጥ በ1941 አንድ አልሚ ለነጮች ቤት ሊሠራ ፈልጎ አጠገቡ ጥቁሮች ስላሉ ኤፍኤችኤ እምቢ አለው። ሰውየው በሁለቱ ሰፈሮች መካከል 800 ሜትር ገደማ የሚረዝም ግንብ አቆመ። ዋስትናው ተፈቀደለት።

ብዙዎቻችሁ «ሬድላይኒንግ» ሲባል ሰምታችኋል፤ ሰፈርን አደገኛ ብሎ ብድር መንፈግ ነው። ቃሉ ብዙ ጊዜ የሚያያዘው ኤችኦኤልሲ የሚባል ሌላ መሥሪያ ቤት ከ200 በላይ ከተሞችን በቀለም ከፋፍሎ ካወጣቸው ካርታዎች ጋር ነው። አረንጓዴ ጥሩ፣ ቀይ አደገኛ። ካርታዎቹ ዛሬ በጣም ስለታወቁ ጥፋቱ ሁሉ በነሱ ይሳበባል። የታሪክ ተመራማሪዎች ግን ኤችኦኤልሲ ራሱ ለጥቁሮችም አበድሮ እንደነበር ያስታውሳሉ። ይበልጥ የጎዳው የኤፍኤችኤ አሠራር ነው። በእኔ እይታ ካርታው የታወቀው ለፎቶ ስለሚመች ነው። መመሪያ መጽሐፍ ፎቶ አይወጣለትም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በዚህ ብድር ሙሉ ከተሞች ተሠሩ። ኒው ዮርክ አጠገብ በ1947 የተጀመረው ሌቪታውን ከ17,000 በላይ ቤቶች ነበሩት። ለነጭ ብቻ። ያኔ በርካሽ የተገዛው ቤት ለልጅ ማስተማሪያ፣ ለንግድ መነሻ፣ ለውርስ ሆነ። ጥቁሩ ወታደር ከያው ጦርነት ተመልሶ ኪራይ ሲከፍል ኖረ።

በሩ ሲከፈት

የኮቨናንቱ መጨረሻ የጀመረውም ዋሽንግተን ውስጥ ነው። ብሉሚንግዴል ሰፈር፣ ብራያንት ስትሪት ላይ ሀርድ የሚባሉ ጥቁር ባልና ሚስት ቤት ገዙ። ጎረቤት ከሰሳቸው። የሀዋርድ ዩኒቨርሲቲው የሕግ ሰው ቻርልስ ሀሚልተን ሂውስተን ተሟገተላቸው። በ1948 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከሴንት ሉዊሱ ተመሳሳይ የሼሊ ጉዳይ ጋር አንድ ላይ አይቶ ወሰነ። ሰዎች ተዋውለው ይሆናል፤ ውሉን ማስፈጸም ግን የፍርድ ቤቶች ሥራ ሊሆን አይችልም። ከዘጠኙ ዳኞች ሦስቱ ምክንያታቸውን ሳይናገሩ ከችሎቱ ራሳቸውን አገለሉ። ቤታቸው ኮቨናንት ስላለበት ነው የሚል ግምት እስከ ዛሬ አለ።

ኤፍኤችኤ ወዲያው አልታረመም። አዲስ ኮቨናንት ለሚጻፍባቸው ቤቶች ዋስ መሆን ያቆመው በ1950 ነው። ጥቁሮቹ ዕረፍት ያገኙም እንዳይመስላችሁ። በ1950ዎቹ የዲሲ ደቡብ ምዕራብ ሰፈር በልማት ስም ተጠርጎ ወደ 23,000 ሰው ተነሣ፤ አብዛኛው ጥቁር ነበር። ከ1956 በኋላ በየከተማው የሃይዌይ ግንባታ በጥቁሮች ሰፈር መሃል አለፈ። ዲሲ ውስጥ ግን ነዋሪው ለተቃውሞ ተነሣ። «የነጮች መንገድ በጥቁሮች ቤት ላይ» የሚለው መፈክር ያኔ የወጣ ነው። ከታቀዱት ሃይዌዮች ብዙዎቹ ቀሩ፤ የታሰበላቸው ገንዘብ በከፊል ለሜትሮ ባቡር ዋለ።

በኤፕሪል 1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ተገደሉ። በሳምንቱ በቤት ሽያጭና ኪራይ ዘር መለየትን የሚከለክለው የፌዴራል ሕግ ተፈረመ። በዚያው ሳምንት የዲሲው 7ኛ፣ 14ኛና ዩ ስትሪት ተቃጥለዋል።

የእኛ ታሪክ የሚገጥመው እዚህ ጋ ነው። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ የመጡት ስደተኞች መጀመሪያ አዳምስ ሞርጋን ተሰባሰቡ። ቆይቶ 9ኛና ዩ ስትሪት አካባቢ ሬስቶራንት ከፈቱ። ኪራዩ ርካሽ ነበር። ርካሽ የሆነው ሰፈሩ ከቃጠሎው በኋላ ለዓመታት ተጥሎ ስለቆየ ነው። ስለዚህ በ2005 ገደማ የእኛ ነጋዴዎች አካባቢው በይፋ «ሊትል ኢትዮጵያ» ይባል ሲሉ አንዳንድ የሰፈሩ ጥቁር አሜሪካውያን ተቃወሙ። ዩ ስትሪት ለነሱ የጥቁሮች ብሮድዌይ ነበር። ከሌላው ሰፈር ሲከለከሉ የገነቡት ነው። ያን ጊዜ የተናደደ ሐበሻ ብዙ ነበር። እኔ ግን ተቃውሞው ይገባኛል።

አሁን የቀረው

የ1968ቱ ሕግ የዞኒንግ ካርታውን አልሰረዘም። በ1977 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አርሊንግተን ሃይትስ በምትባል የቺካጎ አጠገብ ከተማ ጉዳይ (የቨርጂኒያዋ አይደለችም) አንድን ዞኒንግ በሕገ መንግሥቱ ለመሻር ጥቁሮችን ይበልጥ መጉዳቱ ብቻ አይበቃም፣ ሆን ተብሎ ለዚያ መደረጉ መረጋገጥ አለበት አለ። ያን የሚያህል ሞኝ ባለሥልጣን ደግሞ ከየት ይመጣል? ሁሉም የሚያወራው ስለ ትራፊክ፣ ስለ ትምህርት ቤት መጨናነቅና ስለ ሰፈሩ መልክ ነው። የሚናገረው ሰው ከልቡም ሊሆን ይችላል። ካርታው ግን ያው ነው።

ሞንትጎመሪ ካውንቲ በ1970ዎቹ አንድ ጥሩ ነገር ሞከረ። ብዙ ቤት የሚሠራ አልሚ ከቤቶቹ የተወሰነውን፣ ከ12.5 እስከ 15 በመቶ ገደማ፣ መካከለኛ ገቢ ላለው ሰው በቅናሽ እንዲያቀርብ አስገደደ። ኤምፒዲዩ የሚባለው ነው። ልክ እንደ ኮንዶሚኒየማችን በዕጣ ይደርስ ነበር። በሀገሪቱ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የሆነ ሕግ ነው። ጎዶሎው ግን አዲስ ግንባታ ላይ ብቻ መሥራቱ ነው። ድሮ የተሸነሸነውን ባለ ሁለት ኤከር ሰፈር አይነካውም።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የተነሣው ሙግት በዚሁ ላይ ነው። ሚኒያፖሊስ በ2018 አንድ ቤት ብቻ የሚፈቀድበትን ዞን የሚያስቀር ፕላን አጸደቀች። ኦሪገን በ2019 ግዛት አቀፍ ሕግ አወጣች። አርሊንግተን፣ ያው ተያይዞ የሚሠራ ቤት የከለከለው ካውንቲ፣ በ2023 በአንድ ቦታ ላይ እስከ ስድስት ቤት እንዲሠራ ፈቀደ፤ ነዋሪዎች ግን ከሰው ፍርድ ቤት ወሰዱት። እዚህ ላይ የእኛ ሰው ለሁለት ይከፈላል። ገና ተከራይ የሆነው ይፈቀድ ይላል። ቤት የገዛው ደግሞ ዋጋዬ ይወርዳል ብሎ ከጎረቤቶቹ ጋር ይፈርማል። አልፈርድበትም፤ 30 ዓመት የሚከፍለው ሞርጌጅ አለበት። ያ የሚጠብቀው ዋጋ ከየት እንደመጣ ግን ማወቁ አይከፋም።

በመጨረሻ አንድ የሚጠቅም ነገር። ከ1950 በፊት በተሸነሸነ ሰፈር ቤት ከገዛችሁ ያ የክልከላ አንቀጽ በቤታችሁ የድሮ ሰነድ ውስጥ ሊኖር ይችላል። የሜሪላንድ የመሬት መዛግብት በኢንተርኔት በነፃ ይታያሉ። ከራሳችሁ ሰነድ ተነሥታችሁ ማን ለማን እንደሸጠ ወደ ኋላ መከተል ብቻ ነው። አንቀጹ ዛሬ ምንም ኃይል የለውም፤ አትደንግጡ። ሜሪላንድም ቨርጂኒያም ባለቤቱ ከፈለገ በፍርድ ቤቱ የመዝገብ ጽሕፈት ቤት በኩል ቅጽ ሞልቶ እንዲያሰርዘው የሚያስችል ሕግ አላቸው። ከማሰረዛችሁ በፊት ግን ኮፒውን አውጥታችሁ ለልጆቻችሁ አስቀምጡ።